በሽተኛ አይናገርም

ባሏ የኤሌክትሪክ መስመር ጠጋኝ ነው። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ሲያዛውረው እሷ የነርስነት ትምህርቷን ሁለት ዓመት ጨርሳ የመጨረሻው ዓመት ብቻ ቀርቷት ነበር። «ምን ችግር አለው? ትምህርት እዚያም አለ» አላት ሻንጣውን በጉልበቱ ተጭኖ እየዘጋ። ሰውየው በሥራው ጠባይ የተነሳ የዓለም ነገር ሁሉ በሽቦ የተያያዘ ይመስለዋል፤ እዚህ የተነቀለ እዚያ ይሰካል፣ መብራቱም ይበራል።

አልበራም።

የአዲሱ ከተማ የጤና ኮሌጅ ሬጅስትራር ቀጭን፣ ትሑት፣ በትሕትናውም ሰው የሚገድል ሰው ነበር። ወረቀቶቿን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ መረመረው።

«ውጤትሽ በጣም ጥሩ ነው» አላት። «ሁሉንም ኮርስ ተቀብለንልሻል።»

«አመሰግናለሁ። ታዲያ መቼ ልጀምር?»

«ቦታ የለም።»

ይህን ያላት ፈገግ ብሎ ነው። ከዚያ ተደላድሎ ያስረዳት ጀመር። የሦስተኛ ዓመት ትምህርት ግማሹ ሆስፒታል ውስጥ ነው። አንድ አስተማሪ ይዞ ወደ ሕሙማን ክፍል የሚገባው ስምንት ተማሪ ብቻ ነው፤ ዘጠነኛ ከጨመረ ሆስፒታሉ በሩን ይዘጋበታል። ኮሌጁ ለዚህ ሥራ ያለው አስተማሪ አንድ ነው፤ ስምንቱም ወንበር ሞልቷል። ስለዚህ ሰው ሲወጣ ነው ሰው የሚገባው። እስከዚያው ስሟ ከተጠባባቂዎች ጋር ይሰፍራል።

«ሰው በምን ይወጣል?»

«ይወድቃል፣ ያገባል፣ ይታመማል፣ ይሰለቻል። የሰው ነገር አይታወቅም።» እርሳሱን በጣቱ አሽከረከረ። «አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ከመጨረሻው የሆስፒታል ልምምድሽ አንድ ዓመት ካለፈሽ የተማርሽው አይያዝልሽም። ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ።»

«ለምን?»

«እጅ ይረሳል።»

«እናንተ አታስገቡኝም፤ ስላላስገባችሁኝ እጄ ይረሳል፤ እጄ ስለረሳ ደግሞ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። እንዲህ ነው?»

«በትክክል ተረድተሽዋል» አላት፣ ትምህርቱ የገባው ተማሪ ሲያይ ደስ እንደሚለው መምህር።

ከዚያች ዓመት ላይ ዕቃ በመጫንና በማራገፍ፣ ቤት በመፈለግና ወረቀት በማስላክ ብዙ ወር አልቆ ነበር። የቀረውን እያሰበች ወደ ቤቷ ስትሄድ ሁለት ጊዜ መንገድ ሳተች። ከተማውን ገና አልለመደችውም።

የተከራዩት ሁለት ክፍል፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። የውሃው ቧንቧ አንድ ነው፤ ስለዚህ የግቢው ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት እዚያው ይገናኛል። በዚያ ላይ ደግሞ አማቷ ነበሩ። አማቷ ከልጃቸው ጋር ተዛውረው የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነበር፤ ታክመው ሲያበቁ መመለሱን ረሱት። በመጡ በሳምንታቸው ቧንቧው ሥር ቆመው «ምራቴ እኮ ሲስተር ናት» ብለው አወሩ። አንድ ዓመት እንደሚቀራት አልተናገሩም። አንድ ዓመት ለእሳቸው ዕድሜ ምን አላት?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ ስሟ «ሲስተር» ሆነ፤ በሩም ማረፍ አቆመ። የሚያስል ልጅ ይመጣል። የታዘዘለትን መርፌ በወረቀት ጠቅልሎ የያዘ ይመጣል። ከሁሉ የባሰው ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ የደም ግፊት መለኪያ ከልጁ ተልኮለታል፤ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ እየመጣ በሩ ላይ ይቆማል።

«ሲስተር፣ እስቲ ዛሬ ስንት እንደሆንኩ ንገሪኝ።»

«አባባ፣ እኔ ፈቃድ የለኝም። ገና ተማሪ ነኝ። ጤና ጣቢያ ይሂዱ።»

«ጤና ጣቢያ ሰልፍ ነው።»

«ቢሆንም ይሂዱ። እኔ ያለ ፈቃድ ሰው ሳክም ብገኝ ጭራሽ አልማርም።»

«እኔ ለማን አወራለሁ? አፌ እኮ እንደ መቃብር ነው» ይላል ሹፌሩ፣ ቧንቧው ሥር ለተሰለፈው ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ።

ለሁሉም አንድ መልስ ስለሰጠች ስሟ ረዘመ። «ሲስተር ጤና ጣቢያ ይሂዱ» አሏት። ስትወጣ ስትገባ ከየመስኮቱ ይሰማል፤ አንዳንዱ በፍቅር ነው፣ አብዛኛው ግን በብሽቀት። ሐኪም ሆና የማታክም፣ ተማሪ ሆና የማትማር ሰው ምን ይሏታል? እሷ ራሷም መልሱን አታውቀውም ነበር።

በየሳምንቱ ሬጅስትራሩ ዘንድ ትሄዳለች። በመስኮቱ ቀዳዳ አንገቷን ስታስገባ ሰውየው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ገና ነው፣ እህቴ» ይላታል። ለላም አለኝ በሰማይ እግሯ እስኪቀጥን ተመላለሰች። አንድ ቀን ግን ቀና አለ።

«የምስራች» አላት። «ከፊትሽ የነበረው ልጅ ተስፋ ቆርጦ የስልክ ሱቅ ከፍቷል። አሁን የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ቆሽቷ አርሮ ስትወጣ ነው ኮሪደሩ ላይ አንዲት አጭር ሴት ክንዷን የያዘቻት። ነጭ ካፖርቷ ደረት ላይ የእጅ ሰዓት ተዘቅዝቆ ተሰክቷል። የመለማመጃ ክፍሉ አስተማሪ ናት፤ ዓይኗ ከሰዓቱ ቀጭን ቆጣሪ ስለማይነቀል ተማሪዎቹ «እመት ሰከንድ» ይሏታል።

«አንቺ ተጠባባቂ ነሽ አይደል? ጤነኛ ነሽ? ጀርባሽን አያምሽም?»

«ደህና ነኝ።»

«በጣም ጥሩ። ልትተኚልኝ ትችያለሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኮሌጁ ሁለት የመለማመጃ አሻንጉሊት አለው። የአንደኛው ክንድ ተገንጥሏል፤ ሁለተኛው ሙሉ ነው፣ ግን ሁለቱም የልብ ምት የላቸውም። ተማሪዎቹ ምት የሚቆጥሩበት፣ የሚያጥቡት፣ ከጎን ወደ ጎን የሚያገላብጡት ሕያው ገላ ያስፈልጋል። እመት ሰከንድ ለዚህ ሥራ ተጠባባቂዎችን ትመለምላለች፤ ከኮሌጁ በር ስለማይጠፉ ለመያዝ ይቀላሉ። በሽተኛ ሆኖ የሚተኛው ሰው አንዲት ካርድ ይሰጠዋል፤ ካርዷ ላይ ሕመሙ ተጽፏል። ሲጠየቅ ከዚያ በላይ ቃል አይተነፍስም።

«ሕጉ አንድ ነው» አለች እመት ሰከንድ። «በሽተኛ አይናገርም።»

ቤት ስትነግራቸው ባሏ ሹካውን አስቀምጦ ሳቀ። «ነርስ ልትሆኚ ወጥተሽ በሽተኛ ሆነሽ ተመለስሽ? ጥሩ ነው፤ ሰው በአንድ በር ካልገባ በሌላ ይገባል።»

«ሳቅ። እዚያ ስውል ቢያንስ እጄ አይረሳም።»

«አንቺ ተኝተሽ እጅሽ ምን ይሠራል?» አሉ አማቷ። ጥያቄያቸው ልክ ስለነበረ ይበልጥ አበሸቃት።

እንዲህ ሆኖ ሲስተር በሳምንት ጥቂት ቀን በሦስተኛው አልጋ ላይ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሆና ትተኛለች። ደረቷን ያፍናታል፤ ሌሊት ሁለት ትራስ ትደራርባለች፤ ካርዷ የሚለው እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ በየተራ ይመጡባታል። አንዱ እግሯን በቀዘቀዘ ውሃ ያጥባል። ሌላዋ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ገልብጣ ትጠመጥምና ለምን አልሠራም ብላ መለኪያውን ትቆጣለች። ሌላው «አመመዎት አባባ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሳይሰማ «ጥሩ» ብሎ ይጽፋል። አንሶላ ከሥሯ ሲለውጡ ጀርባዋ ሥር እጥፋት ይተዋሉ። ሲስተር ያችን እጥፋት ሳታያት ታውቃታለች፤ እውነተኛ በሽተኛ ቢሆን እዚያ ጋ ቆዳው ይቆስላል። ምላሷን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። ምላሷ በንክሻ ብዛት ሊያልቅ ደረሰ።

አንድ ነገር ግን በጣም ያስቃት ነበር። ትንፋሽ ሲቆጠር በሽተኛው ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል። ስለዚህ ጎበዝ ነርስ ምት ቆጥራ ስትጨርስ የእጁን አንጓ አትለቅም፤ አሁንም ምት የምትቆጥር መስላ ዓይኗን ወደ ደረት ትሰዳለች። ሲስተር ይህን ሁሉ ታውቃለች። እጇ ሳይለቀቅ ሲቀር ትንፋሽዋ ወዲያው ይዛባል፤ የራስዋ ሳንባ እንግዳ ሰው እንደሚያየው ልጅ ያፍራል። የሚያውቅ ሰው መጥፎ በሽተኛ ነው።

ከተማሪዎቹ መካከል ሲስተር በእርምጃዋ የምትለያት አንዲት ልጅ ነበረች። ቁመቷ ከአልጋው ጋር አይስማማም፤ ጎንበስ ስትል ታጥፋ ነው። ጓደኞቿ «ረጅሟ» ይሏታል። ቃሏ ለስላሳ ነው፤ «አይዞዎት አባባ፣ ቀዘቀዘዎት ወይ?» ትላለች፤ ፎጣውን ከማሳረፏ በፊት በእጇ ጀርባ ትሞክረዋለች። ችግሩ እጇ ላይ ነው። ይንቀጠቀጣል። ጓንት ስታጠልቅ አንዱ ጣት ሁልጊዜ ባዶውን ይቀራል። የሙቀት መለኪያ ወድቆባታል። በመጀመሪያው የተግባር ፈተና ወድቃለች፤ በኮሌጁ ደንብ ሁለት ጊዜ የወደቀ ይወጣል።

ይህን ሲስተር የሰማችው ተኝታ ነው። ሁለት ተማሪዎች አልጋዋን እያነጠፉ፣ እሷን እንደ አልጋው አካል ቆጥረው ያወሩ ነበር።

«ዘንድሮ የምትወጣው ረጅሟ ናት።»

«ምስኪን። ፈተናው ደሞ ደርሷል።»

«ምት እንኳ መቁጠር አትችልም፤ የራሷ እጅ ምት ነው የሚሰማት።»

ሳቁ። ሲስተር ጣሪያውን እያየች አንድ ነገር ውስጧ ብድግ ሲል ተሰማት። ሰው ከወጣ ሰው ይገባል። የመጀመሪያዋ ተጠባባቂ እሷ ናት። ፈተናው ደግሞ ዓመቷ ከመሙላቱ በፊት ነው።

በዚያ ምሽት ለባሏ ነገረችው። ብታፍርም ነገረችው። ባሏ አሰበበት። «አንቺ አልገፋሻት። ራሷ ከወደቀች የአንቺ ጥፋት ምንድን ነው?» አላት። ይህን ሲል በሚቀጥለው ክፍል የነበሩት አማቷ ሰሙ። ዓይናቸው ታሞ ነበር እንጂ ጆሯቸው ሁልጊዜም ጤነኛ ነው። ከዚያ ወዲያ ምሽት ምሽት ሲስተር በሩን ስትከፍት ጥያቄያቸው አንድ ሆነ።

«ያቺ ልጅ እንዴት ዋለች?»

«ደህና ናት፣ እማማ።»

«እጇስ? አሁንም ይንቀጠቀጣል?»

«ይንቀጠቀጣል።»

«እሰይ» ይላሉ። ወዲያው ደግሞ ደንግጠው «እኔ ክፉ አስቤ እንኳን አይደለም፤ ያመማት ነገር ካለ ብዬ ነው እንጂ» ይላሉ። ሲስተር ትበሳጫለች፤ የምትበሳጨው ግን አማቷ ላይ አልነበረም። እሳቸው የራሷን ሐሳብ አፍ አውጥተው ስለተናገሩባት ነበር።

የፈተናው ቀን ጠዋት እመት ሰከንድ አልጋ ላይ ያሉትን በሽተኞች ሁሉ ራሷ ለካች። የሲስተርን አንጓ ይዛ ሰዓቷ ላይ አፈጠጠች፤ ሰባ ስድስት። ትንፋሽዋንም ግፊቷንም መዝግባ ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተች። መልሱ ያ ነው። ተማሪው ከዚያ በጥቂቱ ቢዘል ይታለፋል፤ ብዙ ከራቀ ግን ሌላውን ሁሉ ቢያገኝም ወድቋል። «ምት የማይቆጥር ነርስ ዓይነ ስውር ሹፌር ማለት ነው» ትል ነበር እመት ሰከንድ።

ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ገቡ። ሰባ ስምንት ያለ አለ፣ ሰባ አራት ያለች አለች። ሲስተር ሥራዋን ለምዳው ስለነበር እንቅልፍ ሊወስዳት ቃጣ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ረጅሟ ጎንበስ ብላ ገባች።

እጇን ታጠበች፤ በጣቶቿ መካከል ሳይቀር አሸች። ስሟን ተናገረች። የበሽተኛውን ስም ጠየቀች። መጋረጃውን ሳበች። ሲስተር እያንዳንዷን ነገር ተከተለች። አሁን ትስታለች፤ አልሳተችም። ጓንቷን ስታጠልቅ አምስቱም ጣት ገባ። ፎጣው በልክ ሞቋል። ጀርባዋ ሥር ያለው አንሶላ እንደ ጠረጴዛ ተወጥሯል። የአልጋው መከላከያ ብረት ሳይረሳ ተነሳ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ሥራውን ይሠራል። ሲስተር የተከፈተ በር ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲዘጋባት ታያት። «ሳቺ እንጂ! አንዲት ነገር ሳቺ!» አለ ሆዷ። እዚህ ላይ ነው ረጅሟ አንጓዋን የያዘችው።

ቀዝቃዛ ጣቶቿ ቦታውን ወዲያው አገኙት። ሌሎቹ ግማሽ ደቂቃ ቆጥረው በሁለት ያባዙ ነበር፤ ረጅሟ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ፊቷ ተለወጠ። አንጓውን ለቀቀች፣ እንደገና ያዘች፣ እንደገና ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ሲስተርም መቁጠር አላስፈለጋትም፤ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይደልቅ ነበር።

«መቶ አሥራ ሁለት» አለች ረጅሟ።

እመት ሰከንድ የታጠፈውን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፣ ቲቸር። ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።»

«ከሌሎቹ ማንም እንዲህ አላለም።»

የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። ቁጥሯን ግን አልለወጠችም። «ያገኘሁት መቶ አሥራ ሁለት ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። እመት ሰከንድ ተነፈሰች፤ ደስ አላላትም። እስክሪብቶዋን ከደረት ኪሷ መዝዛ ወደ ወረቀቱ አስጠጋች።

ሲስተር ይህች ቅጽበት ምን እንደሆነች ገብቷታል። አፏን መክፈት አያስፈልጋትም። ክፉ ሥራ መሥራትም አያስፈልጋትም። ሕጉን አክብራ ዝም ብላ ብትተኛ ወንበሩ የእሷ ነው፤ ማንም፣ መቼም፣ ምንም አያውቅም።

«ልክ ናት» አለች።

«በሽተኛ አይናገርም» አለች እመት ሰከንድ ሳትዞር።

«ቁጥሩ ልክ ነው እያልኩዎት ነው። ራስዎ ይቁጠሩ።»

እመት ሰከንድ ዞረች። እስክሪብቶዋን መልሳ አልጋው ጎን ቆመች፤ አንጓዋን ያዘች። ቀጭኑ ቆጣሪ አንድ ሙሉ ዙር ዞረ። «መቶ ስምንት» አለች በመጨረሻ። ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓቱ ወደ ሰው ተመለሰ። «አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም።»

«ጠዋት ሰባ ስድስት የነበረ ልብ ተኝቶ ምን ያሯሩጠዋል?»

ሲስተር ተነስታ ተቀመጠች። የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ እዚያ ላይ ሞተ። «እንድትወድቅ ፈልጌ ነው» አለች። «እሷ ከወደቀች ወንበሯ ለእኔ ነው። እስክትስት እጠብቅ ነበር። ስላልሳተች ነው ልቤ እንዲህ የሆነው።»

ረጅሟ አፏን ከፍታ ታያት ነበር። እመት ሰከንድ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንዲት መስመር ሰረዘችና ሌላ ጻፈች።

«አልፈሻል፤ ሂጂ» አለቻት ረጅሟን። ቀጥላ ወደ ሲስተር ዞረች። «አንቺ ደግሞ ተነሺ፤ ልብስሽን ልበሺ። ከዛሬ ወዲያ እዚህ አልጋ ላይ አትተኚም።»

«እውነቱን ስለተናገርኩ?»

«ፈተናዬን ስላበላሸሽ። ሚዛኑ ራሱ ከፍ ዝቅ ካለ በምን ልመዝናቸው?»

ረጅሟ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ሲስተር ምስጋና የሚመጣ መስሏት ፊቷን አዘጋጀች።

«ቆይ፣ እህቴ» አለች ረጅሟ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ እኔ አይዞዎት እያልኩ እግርሽን ሳጥብ፣ አንቺ እንድባረር ትጸልዪ ነበር?»

«አልጸለይኩም። ተመኘሁ እንጂ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ጸሎት ቢሆን ኖሮ ትወድቂ ነበር።»

ረጅሟ ልትስቅ ብላ ንዴቷ ቀደማት። «እጄ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ታውቂያለሽ? በአንቺ ነው! ሌላ አልጋ ላይ ያለ ሰው ዝም ብሎ ይተኛል። አንቺ ትፈትኚኛለሽ። ጓንት ሳነሳ ቅንድብሽ አብሮ ይነሳል።»

«አላወቅኩም።»

«ታዲያ ለምን ተናገርሽ? ዝም ብትዪ አልቆ ነበር።»

ሲስተር መልስ ፈለገች። ደህና መልስ፣ ሰው የሚያከብራት መልስ አልመጣላትም። «ቆጠራሽ ልክ ነበራ» አለች። «ልክ የቆጠረ ሰው ተሳስተሃል ሲባል መስማት አልቻልኩም። ፎጣው ቢሆን፣ ጓንቱ ቢሆን ዝም እልሽ ነበር።»

«አምኜሻለሁ» አለች ረጅሟ፣ ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች።

ቤት ስትደርስ አማቷ በሩ ላይ ነበሩ። «እህስ? ወደቀች?»

«አለፈች።»

«እንዴት አባቷ አለፈች? ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ የት ሄደ?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። አማቷ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «በለፈለፉ ባፍ ይጠፉ! በሽተኛ አይናገርም አላሉሽም ነበር? ስንት ዓመት ሙሉ መልስ የማትሰጥ ምራት ይስጠኝ ስል አልሰማኝ፤ አንዲት ቀን ዝም ማለት አቃተሽ!»

ባሏ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ወሬውን ሰማ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሌላ ሰው እስኪወድቅ ነዋ» አለ። ሊያጽናናት ነበር።

ሲስተር የያዘችውን የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «አንተን ሲያዛውሩህ ደሞዝህ አብሮህ ተዛወረ። ማዕረግህ ተዛወረ። የምትቀመጥበት ወንበር እንኳ ተጠርጎ ይጠብቅህ ነበር። እኔም አብሬህ ተዛወርኩ። የኔ ነገር ግን እዚያው ቀረ፤ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ሽቦ አይደለሁም እኮ! ነቅለህ የምትሰካኝ!»

ባሏ በእጁ የያዘውን ጫማ አስቀመጠ። ተነስቶ የተከመረውን ሳህን ሁሉ አጠበ። አማቷ ልጃቸው ዕቃ ሲያጥብ ላለማየት የታከመውን ዓይናቸውን ጨፍነው ተኙ።

ዓመቱ ሊሞላ በተቃረበበት ሳምንት ሲስተር ወደ ሬጅስትራሩ የሄደችው ተስፋ አድርጋ አልነበረም። ከመጀመሪያው የመጀመር ነገር እንዴት እንደሚመዘገብ ልትጠይቅ ነበር። ሰውየው በመስኮቱ ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ፤ ይህ ሆኖ አያውቅም።

«ልናስጠራሽ ስንል መጣሽ! አዲስ አስተማሪ ተቀጠረልን። ስለዚህ ስምንት ቦታ ተከፍቷል።»

«ስንት?»

«ስምንት። ተጠባባቂውን በሙሉ አስገብተናል። ባለፈው ሳምንት የተመዘገበች ልጅ እንኳ ነበረች፤ እሷም ገብታለች። ዕድለኛ ናት፤ አንድ ሳምንት ብቻ ነው የጠበቀችው።»

ሲስተር የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። ደስታ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች፤ የመጣው ንዴት ነበር። ስምንት ወንበር! እሷ አንዲት ወንበር ላይ ዓይኗን ጥላ ስትከርም፣ የሰው ልጅ ውድቀት ስትመኝ፣ በዚያም ላይ ገበናዋን በነጻ ዘርግፋ ስትዋረድ፣ ስምንቱ በመንገድ ላይ ነበሩ።

«አስተማሪ እንደሚቀጠር ታውቁ ነበር?»

«ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ታቅዶ ነበር» አለ ሬጅስትራሩ በትሕትና። «ግን ሰውን ባልተረጋገጠ ነገር ተስፋ ማስቆረጥ... ማለቴ ተስፋ ማስያዝ ጥሩ አይደለም።»

የእጇን ብቃት የምታረጋግጠው እመት ሰከንድ ናት። ሲስተር አንገቷን ደፍታ ገባች። እመት ሰከንድ አልጋ አስነጠፈቻት፣ ምት አስቆጠረቻት፣ ፈረመችላት። «በሽተኛነትሽ የማይረባ ነው» አለቻት ወረቀቱን ስትመልስላት። «ነርስነትሽ ይሻል እንደሆነ እናያለን።»

ሆስፒታል ሲገቡ የድሮዎቹና አዲሶቹ ተማሪዎች ተደባልቀው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ሲስተር ከእሷ ጋር የተመደበው ማን እንደሆነ ለማየት ቀና ማለት ነበረባት፤ ረጅሟ ናት። አብረው ወደ ወንዶች ክፍል ገቡ። የመጀመሪያው አልጋ ላይ እግራቸው የተሰበረ ሽማግሌ በብሽቀት ተቀምጠዋል።

«ደህና አደሩ አባባ» አለች ረጅሟ። «እኛ ተማሪ ነርሶች ነን። ይቺ ደግሞ እኔ ፈተና እንድወድቅ ስትመኝ የከረመችው ናት።»

ሲስተር ፊቷ እንደ ፍም ቀላ። ይህ ነገር ዕድሜ ልኳን በየክፍሉ እየቀደማት እንደሚገባ እዚያው ገባት።

ሽማግሌው ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። «እና ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም።»

«ታዲያ ምን ቆማችሁ ታወራላችሁ? የሽንት ዕቃውን አታቀብሉኝም? ከንጋት ጀምሮ ነርስ ነርስ እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ!»

ሁለቱም ተሯሯጡ። ረጅሟ ከወገባቸው ደግፋ ከፍ አደረገቻቸው፤ ሲስተር ዕቃውን ከሥራቸው አስገባች፣ ጠበቀች፣ አወጣች፣ በጨርቅ ሸፈነች። ያን ሁሉ ጊዜ ደጅ ጠንታ የደረሳት የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነበር። በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች፣ በረጅሙ ኮሪደር ወደ ማጠቢያው ክፍል ሄደች።